ባዶዋን የምታጎነብስ መኪና

መካነ ሰላም
መስከረም 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለአዩብ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የእማማ ጉልበት ክረምቱ ሲወጣ ሻል ብሎታል። አባባ ደህና ናቸው፤ የጭነት መኪናቸው አይሱዙዋም ደህና ናት። ከሁለቱ የማን ጤንነት ይቅደም ብትላቸው የመኪናዋን ይሉሃል፤ ታውቃቸዋለህ።

የላክህልኝ እየተገጣጠመ የሚሠራበት የልጆች የፕላስቲክ ጡብ በሰላም ደርሶኛል። ምንጣፍ ላይ ዘርግፌ በየቀለሙ ስለይ እማማ ቆማ አየችኝና «ልጅ በሌለበት ቤት ይሄ ሁሉ መጫወቻ ለማነው?» አለች። «ለመንግሥት ነው» አልኳት። መንግሥት መጫወቻ መፈለጉ ብዙም አልደነቃት መሰለኝ።

በስልክ ማውራት እየቻልን ለምን እንደምጽፍ ጠይቀኸኛል። ኔትወርክ በመጣ ቀን አባባ የስልኩን ድምፅ ከፍተው መሃል ቤት ያስቀምጡታል፤ ጎረቤቱም «አዩብ ነው» ተብሎ ይሰበሰባል። እዚያ መሃል ቁጭ ብዬ ስለ ፓስፖርቴ ልነግርህ ነው? ጡብ የሚያደርስ ሰው ካለ ደብዳቤም ያደርሳል።

ፓስፖርቴ እንግዲህ ደሴ፣ ለቤት ሥራ ወደ ዓረብ ሀገር የሚልከው ኤጀንሲ ዘንድ ነው። አባባ ራሳቸው ወስደው ሰጡት። በክፋት አይደለም። ከኮሌጅ በአውቶ መካኒክ ከተመረቅሁ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፤ የሄድኩበት ጋራዥ ሁሉ ሻይ እንዳፈላለት ካልሆነ አይፈልገኝም። ያንተም እጅ ብቻውን ቤቱን እስከ መቼ ይይዛል? ለምኜ ለምኜ አንድ ነገር አገኘሁ። «እስከ ሰኔ መጫወቻሽ እንጀራ ከሆነ ትቀሪያለሽ። ካልሆነ በሐምሌ ትሄጃለሽ» አሉኝ።

ነገሩን በስልክ በግማሽ ሰምተህ በግማሽ ስለቀረብህ ከሥሩ ልንገርህ። የመንግሥቱ ኮሌጅ አውቶ ክፍል ያለው አንድ ሞተር የሌለው ፒካፕ ነው። በየዓመቱ የገባ ተማሪ ሁሉ ሲፈታውና ሲገጥመው ብሎኑ አልቋል። ያስተማሩኝ አቶ ንጉሡ፣ ጠረጴዛ ላይ ተፈቶ የሚገጠም ሞዴል ከሠራሽልን ኮሌጁ ይወስደዋል፣ በእሱ የምታስተምሪውም አንቺ ትሆኛለሽ አሉኝ። በሰኔ ከደሴ ፈታኞች መጥተው ያዩታል። የጠየቁት ይሄን ነው፦ ሻንሲው፣ ማለት የታችኛው አጽም፣ አንድ ሆኖ ላዩ እየተለወጠ ጭነት አይሱዙም፣ ቅጥቅጥም፣ ሚኒባስም መሆን አለበት። ጎማዎቹን የሚያያይዘው ዘንግ፣ አክስሉ፣ ከነጎማው በእጅ ወልቆ የትኛውም መኪና ሥር፣ ከፊትም ከኋላም መግባት አለበት።

ቅጥቅጥ ያየ የኛ ሀገር ሰው ይሄ አይከብደውም። ትናንት በግ የጫነች አይሱዙ ዛሬ ወንበር ተበይዶባት አውቶብስ ሆና «አቀስታ፣ አቀስታ» ትላለች። ሻንሲዋ ከላይ በግ ይኑር ሙሽራ ግድ የላትም። እኔም ያንን አይቼ ነው የጀመርኩት፣ እችለዋለሁም። የመጀመሪያዋን አይሱዙ ፎቶ ከደብዳቤው ጋር አድርጌልሃለሁ። አይተህ አመስግነኝ።

እህትህ ሀዲያ

---

ሻርጃ
ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሀዲያ፤

ወዓለይኩም ሰላም ወረሕመቱላሂ። መልሴ ስለዘገየ አፉ በይኝ። ወደ ሀገር የሚገባ ሰው ስጠብቅ ነው።

ሥራ ደህና ነው። መጋዘኑም ደህና ነው። ሰው የመለሰውን መጫወቻ ስንለይ ሳጥኑ የተቀደደውንና ዕቃው የጎደለውን ለእኛ ይተዉልናል፤ ያንቺ ጡብ ከዚያ ነው የሚመጣው። አሁን ረጃጅምና ስስ የሆኑትን አብዝቼልሻለሁ። ስሶቹ ሦስት ሆነው ሲደራረቡ አንድ ወፍራም ጡብ ያህላሉ፤ ይሄን ሳታውቂው አትቀሪም።

ፎቶሽን አብረውኝ ለሚኖሩት ሁሉ አሳየሁ። «እህቴ ናት የሠራችው» ስል ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው፤ ይሄን ለማንም እንዳትነግሪ። አንድ ነገር ግን ልበልሽ። አይሱዙሽ ለምንድነው አንገቷን የደፋችው? ወንዝ ወርዳ ውሃ የምትጠጣ ላም ነው የምትመስለው። የኋላ አክስልሽ ከፊቱ በሁለት ስስ ጡብ ከፍ ይላል፤ ቆጥሬዋለሁ። እዚህ የሚሄደው መኪና ሁሉ ከፊት እስከ ኋላ ቀጥ ብሎ ነው የቆመው። የሁለቱንም አክስል ቁመት አንድ አድርጊው፤ ያኔ የትም ይገባል።

ስለ ፓስፖርቱ ለአባባ ምንም አላልኩም። እንዳልሽው ስልኩ መሃል ቤት ነው ያለው። ግን አብሽሪ፣ እስከ ሰኔ ከዚህ የሚላከው አይጓደልም። አንቺ ሥሪ ብቻ።

ወንድምሽ አዩብ

---

መካነ ሰላም
ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአዩብ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። ሰላምታዬ ያጠረው ተናድጄ ነው፤ ግማሹ ባንተ፣ ግማሹ በራሴ።

ባንተ የተናደድኩት አስፋልት ስላበላሸህ ነው። እኔ ከተወለድኩ ኋላዋን ሳትሰቅል የቆመች አይሱዙ አይቼ አላውቅም። ያባባን ረሳሃት? ባዶዋን ስትቆም አፍንጫዋ መሬት ሊነካ ይደርስ አልነበረም? ከሥሯ ጭነት የሚሸከመው ባሌስትራ ሳይጨመርባት ገብስ ጭና ከደጎሎ የምትመለስ መኪና ካለች ንገረኝ፤ እኔም እሷን እሠራለሁ። የኛን መኪና ሳይሆን የሻርጃን ሠርቼ ለመካነ ሰላም ልጆች ምን ላስተምርበት ነው?

በራሴ የተናደድኩት ደግሞ ግማሽ እውነት ስለያዝክ ነው። ባለፈው ሳምንት አቶ ንጉሡ እስቲ እንሞክረው ብለው ጠሩኝ። ሦስቱንም ላያቸውን ሠርቼ ጨርሻለሁ፤ ቅጥቅጧን ብታያት ከነጣሪያ ዕቃ መጫኛዋ፣ ከነፖርቶ መጋላዋ ነው። ሻንሲው ላይ ሲገቡ «ቀጭ» ይላሉ። ኮራ ብዬ ቆምኩ። አቶ ንጉሡ የአይሱዙዋን የኋላ አክስል አወጡና ከሚኒባሷ ፊት ሥር አስገቡት። ሚኒባሷ አፍንጫዋን ሽቅብ ሰቅላ ቀረች። የሚኒባሷን ወስደው ከአይሱዙዋ ኋላ ሲያደርጉት ደግሞ ጎማው ከጭነት ሳጥኑ ጋር ተፋተገና አልዞርም አለ። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር። «ሀዲያ፣ ይሄ እኮ ላንድ መኪና የተሠራ አክስል ነው» አሉኝ። ቤት ገብቼ እራት አልበላም አልኩ።

ቀጥ ብላ የቆመች ብሠራ አክስሉ የትም ይገባል፤ መኪናዋ ግን የኛ አትሆንም። የኛን ብሠራ አክስሉ አይለዋወጥም። እዚህ ላይ ነው የቆምኩት። ሰኔ ሩቅ አይደለም።

ሌላ ነገር። ጡቡ በፊት በመጋዘኑ ቢጫ ከረጢት ነበር የሚመጣው፤ አሁን በሩዝ ማዳበሪያ መጣ። በየዓይነቱ የተለየም አይደለም፤ ግማሹ የልጅ ጥርስ የበላው ነው። መጋዘኑ ደህና ነው?

ሀዲያ

---

ሻርጃ
የካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሀዲያ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ደብዳቤውን የሚያደርሰው ሰው ዛሬ ማታ ስለሚበር በአጭሩ ነው።

አንገቷን ደፋች ማለቴን መልሼ ወስጃለሁ። የአባባን መኪና ረስቼ ነበር፤ መርሳቴ ለራሴም ከነከነኝ። አታስተካክያት። መንገድ ግን ፈልጊላት። ከፍታው የግድ ይሁን፣ የሚቀመጥበትን ቦታ ግን ደግመሽ አስቢው። ከዚህ በላይ አላውቅም፤ መካኒኳ አንቺ ነሽ።

ጎማዎችና ረጃጅም ስስ ጡቦች ልኬያለሁ። እራትሽን ብዪ።

አዩብ

---

መካነ ሰላም
መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለአዩብ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ዒድ ሙባረክ። ጾሙን በሰላም ፈታን። የዒዱ ቀን እማማ ያንተን ድርሻ ለይታ አስቀመጠች፤ ማታ ላይ እኔ በላሁልህ።

መጀመሪያ ደስታውን ልንገርህ። ተገኝቷል።

ከረመዳን በፊት አባባ ገብስ ሊጭኑ ወደ ደጎሎ ሲወርዱ ረዳታቸው ታሞባቸው እኔን ይዘውኝ ሄዱ። ጭነቱ ከወትሮው በዛ። ነጋዴው «ይቻላል» ይላል፣ አባባ መኪናዋን ዞር ዞር ብለው ያያሉ፣ በመጨረሻ «ሳትጫን እንጨምርላት» አሉ። ክሪክ ገባ፣ ኋላዋ ተነሣ። እኔ ቁልፍ አቀብላለሁ። ማቀፊያውን ፈቱና አንድ የባሌስትራ ቅጠል ጨምረው መልሰው አሰሩት። እኔም ከሥር ተንጋልዬ አያለሁ። አክስሉ ያው ነው፣ አልተነካም። ሻንሲውም ያው ነው። የተጨመረው መሃላቸው ነው።

አዩብ፣ መሬት ላይ ተኝቼ ሳቅሁ። እኔ ሞኟ ከፍታውን አክስሉ ውስጥ ቀብሬው ነበር። ለጭነት ብሎ አክስል የሚቀይር ሰው የታለ? አባባ «ምን ያስቅሻል? ዘይቱ ዓይንሽ ገባ?» አሉኝ።

አሁን አክስሎቹ ሁሉ አንድ ቁመት ናቸው፤ ከፊት ከኋላ፣ ከየትኛዋም ወደየትኛዋ ይገባሉ። ከፍታው ለብቻው ሦስተኛ ዕቃ ሆነ። ረጃጅሞቹን ስስ ጡቦች ደራርቤ ጫፍና ጫፋቸውን ብቻ አስይዤ መሃላቸውን ባዶ ተውኩት። ሲጫንባቸው ጎበጥ ይላሉ፣ ሲነሣላቸው ይመለሳሉ። ለሚኒባሷ አንድ፣ ለአይሱዙዋ ኋላ ሦስት። ባዶዋን እንደ ድሮዋ ታጎነብሳለች፤ ጭነት ሳደርግባት ግን ቀስ ብላ ወርዳ ቀጥ ትላለች። ያንተም መኪና ሆነች፣ የአባባም ሆነች። ያችን ሦስተኛ ዕቃ «ትራስ» አልኳት። ከደጎሎ በተመለስን በማግስቱ ሠርቼ ሳሳያቸው አባባ ብዙ ጊዜ ጫን ለቀቅ ሲያደርጓት ቆዩና «ባሌስትራ በያት እንጂ፣ ትራስ ለሚተኛ ሰው ነው» አሉኝ።

አሁን ደግሞ ሌላውን። ጎረቤታችን ፈርሂያ ለጾሙ ከሻርጃ መጥታለች። ላንተ ብላ ሳይሆን ለእኔ አዝና ነገረችኝ። መጋዘኑ ከጥቅምት ጀምሮ ተዘግቷል አሉ። አንተም ገበያ ላይ ጭነት ስታወርድና ስትጭን ነው የምትውለው። ጡቡንም ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ራስህ እየገዛህ ነው። ኅዳር ላይ «መጋዘኑም ደህና ነው» ብለህ የጻፍክልኝ ተዘግቶ ነዋ።

አልተቆጣሁህም። ለምን እንደደበቅከኝ ገብቶኛል። አባባ ያንተ ሥራ መቆሙን ቢሰሙ ሰኔን አይጠብቁም ነበር። እኔም አልነገርኳቸውም፤ ፈርሂያንም በአላህ አስምዬ ዝም አሰኝቻታለሁ። አላሳፍርህም። ወላሂ ይሄን ፈተና አልፈዋለሁ።

እህትህ ሀዲያ

---

ሻርጃ
ሚያዝያ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሀዲያ፤

ወዓለይኩም ሰላም። ዒድ ሙባረክ፣ ቢዘገይም።

ፈርሂያ ያለችው ልክ ነው። ከዚያ በላይ ግን አትዘኚ፤ እጄም ጀርባዬም ደህና ናቸው። የጭነት ሥራ ላባባ ልጅ ምን አዲስ ነገር አለው። ማፈሬ ባንቺ ፊት ነው፣ «ደህና ነው» ብዬ ስለጻፍኩ። አፉ በይኝ።

ላንቺ ብቻ ብዬ የደበቅኩት አይምሰልሽ፤ ለራሴም ነው። እዚህ ስድስት ዓመት ኖሬ የሠራሁት ነገር ምንድነው ቢሉኝ የማሳየው የለኝም። ሳጥን ነው ያነሣሁት፣ ሳጥን ነው ያስቀመጥኩት። አርብ አርብ አሮጌ ዕቃ ገበያ ሄጄ ያንቺን ጡብ ስለቅም ግን፣ ይሄ ሻንሲ ይሆናል፣ ይሄ ጎማ ይይዛል እያልኩ ነው። እኔም የምሠራ ይመስለኛል። አንቺ እዚህ ከመጣሽ ያም ይቀራል። አንቺ የሰው ወለል ስትጠርጊ እኔ ጭነት ሳወርድ፣ ያችን አይሱዙ ማን ይጨርሳታል?

ሦስተኛውን ዕቃ ደግሜ ደግሜ አነበብኩት። እኔ ዝቅ አድርጊ አልኩ፣ አንቺ አላደርግም አልሽ፤ ሁለታችንም ሳንሸነፍ ተገኘ። ኮርቼብሻለሁ፣ በግልጽ ነው የምልሽ። ፈተናው እስኪያልፍ ለአባባ እንዳትነግሪያቸው። ካለፈ በኋላ እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ።

እማማን ዱዓ አድርጊልኝ በያት።

ወንድምሽ አዩብ

---

መካነ ሰላም
ሰኔ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ፣ ለመኩሪያዬ ለአዩብ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጽሑፉ ቢወላገድ በደስታ ነው።

አለፍኩ። ኮሌጁ ሞዴሉን ወስዶታል። ከመስከረም ጀምሮ ረዳት አስተማሪ ነኝ። ለሌላ ክፍል የሚሆኑ ስድስት ሻንሲዎችም እንድሠራ ጠይቀውኛል፤ ጡቡን የሚገዛው ኮሌጁ ነው፣ አንተ ከእንግዲህ ገበያ ለገበያ አትዞርልኝም።

ስለ ፈተናው ራሱ ብዙ አልነግርህም፤ ግማሹንም አላስታውሰውም። ከደሴ የመጡት ፈታኝ ሴትዮ አክስሎቹን በሙሉ አውጥተው ቀላቅለው እንደመጣላቸው ሲገጥሟቸው፣ ሁሉም «ቀጭ» ሲል ብቻ ትዝ ይለኛል። ከዚያ «የጭነቷ ኋላ ለምን ከፍ አለ?» ብለው ጠየቁኝ። «ገና አልተጫነችማ» አልኳቸው። የብሎን ጣሳ አምጥቼ ሳጥኗ ላይ ገለበጥኩ። ቀስ ብላ ወርዳ ቀጥ አለች። ከኋላዬ አንድ ሰው «እንዲህ ነው እንጂ» አለ። ዞር ስል አባባ ናቸው። ማን እንዳስገባቸው አላውቅም። አይሱዙዋን ግቢው ውስጥ አቁመው፣ ያቺን የዒድ ኮፍያቸውን አድርገው በሩ ላይ ቆመዋል። ሴትዮዋ «ይቺን መሃል ያለችውን ምን ትያታለሽ?» ሲሉኝ ትራስ ልል ነበር፤ አባባን አየሁና «ባሌስትራ» አልኩ። አባባ አጠገባቸው ላለው ዘበኛ «የኔ ልጅ ናት» ሲሉ ሁላችንም ሰማን። በሹክሹክታ የተናገሩ መስሏቸው ነበር።

ወደ ቤት በአይሱዙዋ ስንመለስ፣ እንግዲህ ፓስፖርቱን ከኤጀንሲው እናውጣው አልኳቸው። ከመሪው ጎን ያለውን ኪስ ከፍተው ፓስፖርቱን አወጡና ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። ከደጎሎ በተመለስን በሳምንቱ ደሴ ሄደው አምጥተውት ኖሯል። ያችን ባሌስትራ ካሳየኋቸው በኋላ ማለት ነው። አራት ወር ሙሉ የምሄድ መስሎኝ እንቅልፍ አጥቼ፣ እሳቸው ፓስፖርቴን ከመኪና ወረቀታቸው ጋር ይዘውት ይዞራሉ። «ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው። «ብነግርሽ እጅሽ ይላላ ነበር» አሉኝ። ልክ ናቸው።

ከዚያ ነድተው ነድተው ቤት ልንደርስ ስንል «አሁን ደግሞ የአዩብን ንገሪኝ» አሉ። የቱን ስላቸው፣ «መጋዘን ከለቀቀ ስንት ጊዜው ነው?» አሉኝ። ማን ነገራቸው መሰለህ? አንተው ነህ። በስልክ። «ሠላሳ ዓመት ጭነት ያስጫንኩ ሰው የጫኝ ትንፋሽ አላውቅም? ደህና ነኝ ሲል ጭነት አሁን ከጀርባው እንዳወረደ ሰው ነው የሚተነፍሰው። በታኅሣሥ ነው የሰማሁት» አሉኝ። ያ ድምፁን ከፍተው መሃል ቤት የሚያስቀምጡት ስልክ አጋለጠህ። ሰምተውም እኔን አላስቸኮሉኝም። አንተ ከእኔና ከእሳቸው ደበቅህ፣ እኔ ከእሳቸው ደበቅሁ፣ እሳቸው ከሁለታችንም ደበቁ። አንድ ነገር ተደባብቀን ከረምን።

ከደብዳቤው ጋር ያለውን ዕቃ ፍታው። አዲስ ሻንሲ ነው፣ አስተማሪ ተብዬ የሠራሁት የመጀመሪያው። አክስሎቹም ባሌስትራዎቹም አሉበት። ላዩን አልሠራሁለትም። ካቢናም ሳጥንም ልሠራለት ስል አባባ እጄን ያዙኝና «የላዩን እሱ መጥቶ ይጨርሰው። እኔም ከእንግዲህ ክሪክ ሥር የሚገባልኝ ሰው እፈልጋለሁ» አሉ። ቃላቸውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነው የጻፍኩልህ።

እህትህ ሀዲያ

---

ሻርጃ
ሐምሌ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ፣ ለአስተማሪዋ ለሀዲያ፤

ወዓለይኩም ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ዕቃው በሰላም ደርሶኛል። ክፍላችን ወለል ላይ አቆምኩት። አፍንጫው ወደ መሬት፣ ኋላው ሽቅብ፤ የአባባ መኪና ራሷ ናት። አብረውኝ ያሉት ከሥራ ሲገቡ ከበቡት። አንዱ፣ ሀገሩ ሾፌር የነበረ ሱዳናዊ፣ «ይሄ ተሳስቷል፣ ኋላው ከፍ ብሏል» አለ። ያኔ «ገና አልተጫነችማ» ብዬ ያንቺን መልስ ሰጠሁት። የክፍሉን ቁልፍ አወጣሁና ላዩ አስቀመጥኩ። እሱም ሰዓቱን አወለቀ፣ ሌላውም ቁልፉን ጨመረ፣ ሁሉም ኪሱ ያለውን እያወጣ ጫነበት። ወርዶ ወርዶ ቀጥ አለ። ሱዳናዊው ወለሉ ላይ ጉንጩን አጋድሞ በዓይኑ ለካውና «ማን ሠራው?» አለኝ። ነገርኩት። ሁሉም ስምሽን ደጋግመው ጠሩት።

ሳስበው አደርኩ። እዚህ የምቆይበት ምክንያት አንቺ እንዳትመጪ ነበር፤ እሱ አልቋል። ቤታችን የሚሠራ ነገር ሳለ ከሰው ጭነት ሥር ምን ያስቆመኛል? ነሐሴ ላይ እወጣለሁ፤ ለመውሊድ ኢንሻአላህ ቤት ነኝ። ሻንሲውን በሻንጣ አላስገባውም፣ በእጄ ይዤው ነው የምመጣው። ካቢናውን አብረን እንሠራለታለን። ክሪኩ ሥርም እገባለሁ፤ የአባባን የጫኝ ትንፋሽ ወሬ ግን ዕድሜ ልኬን የምሰማው ነው፣ ያ ነው የሚከብደኝ።

አንድ ነገር እለምንሻለሁ። ይሄኛውን ደብዳቤ ለብቻሽ እንዳታነቢው። ጎረቤቱን ጥሪ፣ ፈርሂያንም ጥሪያት፣ ስልኩ በሚቀመጥበት መሃል ቤት ቁጭ በይና፣ አባባና እማማ እንዲሰሙ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢው።

ወንድምሽ አዩብ